ሽምግልና በስኖውሞቢል

አትላንታ ውስጥ ስኖውሞቢል ያለው ሐበሻ አውቃለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሚያወራው ስለ እኔ ነው። የሚለውን ሁሉ ግን አትመኑ፤ ግማሹ ውሸት ነው። ሌላው ግማሽ እውነት ስለሆነ፣ ከሰው አፍ ከምትሰሙት ራሴው ልናገረው ብዬ ነው የተነሳሁት።

ስኖውሞቢል አይታችሁ ለማታውቁ፣ ከፊቱ ሁለት የበረዶ መንሸራተቻ፣ ከሥሩ እንደ ታንክ የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጠው የሚነዱት ነገር ነው። በረዶ ለወራት በሚተኛበት አገር እንደ በቅሎ ያገለግላል። አትላንታ ውስጥ ግን በረዶ የሚመጣው እንደ ሀብታም ዘመድ ነው። በስንት ዓመት አንዴ ብቅ ይላል፣ አንድ ሌሊት ያድራል፣ ቤቱን አተራምሶ ይሄዳል።

«ታዲያ ምን ቆርጦህ ገዛኸው?» ትሉኝ ይሆናል። አልገዛሁትም። እዚሁ አትላንታ ዳር፣ ዱሉዝ ውስጥ ጎረቤቴ የነበረ አንድ የሚኒሶታ ሽማግሌ ወደ ፍሎሪዳ ሲዛወር፣ «አንድ ቀን ያስፈልግሃል» ብሎ ጋራዤ ውስጥ አስገብቶልኝ ሄደ። በነጻ የመጣን ነገር እምቢ ማለት ደግሞ በዘሬም የለ። ባለቤቴ ሰብለ አራት ዓመት ሙሉ ልብስ አሰጣችበት። እንግዳ ሲመጣ «ኑ፣ የባሌን ታንክ ላሳያችሁ» እያለች ታስጎበኛለች።

ሰውዬው ከመሄዱ በፊት ያስተማረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ስለ ቺንጋው። ቺንጋው ፑሌጃ በሚባሉ ሁለት ተሽከርካሪ ብረቶች ላይ የተወጠረ ወፍራም የጎማ ቀበቶ ሲሆን የሞተሩን ጉልበት ወደ ሰንሰለቱ የሚያደርሰው እሱ ነው። «በጣትህ ስትጫነው የአውራ ጣት ስፋት ያህል መርገብ አለበት» አለኝ። «ከላላ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ከጠበቀ ደግሞ ነዳጅ ሳትሰጠው በራሱ መንገድ ይጀምራል። ፍሬን ስትይዝበት እዚያው ተፋትጎ ይበጠሳል።» ማስተካከያዋ አንዲት ትንሽ ብሎን ናት። «ሩብ ዙር!» አለና ጣቱን አፍንጫዬ ላይ ቀሰረ። «ከሩብ ዙር እንዳታልፍ!» ትዳርም እንደዚሁ ነው ልል ነበር፤ ሰብለ ይህን ስለምታነበው ተውኩት።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ናሆም የእህቴ ልጅ ነው። እህቴ ስታርፍ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አባቱ ቀድሞ ስላረፈ ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት ነው ያደገው። አሜሪካም አብረን መጣን። አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት፣ በቁመት በልጦኝ፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ የሆነችውን ሜሮንን ላግባ አለ። ልጅቷን ወደድናት፣ አባቷን ፈራናቸው።

አባቷ አቶ ወንድሙ አዲስ አበባ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲያሰማሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዘመን አንዲት ደቂቃ የዘገየ አውቶቡስ አልነበረም ይባላል። የሚሉትም እሳቸው ናቸው። እኛ ደግሞ ለመጀመሪያው የሽምግልና ቀጠሯችን ሁለት ሰዓት አረፈድን።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበርን። አንደኛው አቶ ግርማ ናቸው። የአማርኛ መምህር የነበሩ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ጉልበታቸውን በቅርቡ የታከሙ ሰው። ሁለተኛው ጋሼ በላቸው፣ አገር ቤትም እዚህም ታክሲ ሲነዱ የኖሩ። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ሽማግሌ ስባል የመጀመሪያዬ ስለሆነ ለሹመቱ ብዬ ፂሜን አሳድጌ ነበር። ያረፈድነው ለምን መሰላችሁ? አቶ ግርማ ቻምብሊ ባቡር ጣቢያ ቆመው ጋሼ በላቸውን ጠበቁ። ጋሼ በላቸው ቤታቸው ተቀምጠው አቶ ግርማን ጠበቁ። እኔ ደግሞ ትልልቅ ሰዎችን ደውሎ ማጣደፍ ነውር ነው ብዬ መኪናዬ ውስጥ ሬዲዮ አዳምጥ ነበር። ሦስታችንም ጨዋ ስለሆንን ሁለት ሰዓት አለፈ።

አቶ ወንድሙ አልተቆጡም። ምሳ አበሉን፣ አጫወቱን፣ ጉዳዩን ግን እንድናነሳ አልፈቀዱልንም። ሲሸኙን ብቻ፣ «ዛሬ እንግዶቼ ነበራችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለጉዳያችሁ የሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ኑ። ሦስት ሰዓት ካለፈ ግን ዳግመኛ አትድከሙ» አሉን። ናሆም ይህን ሲሰማ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ልጁ ሳይበላ ሲተኛ እኔም አይበላልኝም።

የሚቀጥለው ዓርብ በረዶ ይመጣል ተባለ። የአትላንታ ሰው በረዶ ሲባል ለምን ዳቦና ወተት እንደሚሻማ ሃያ ዓመት ኖሬ አልገባኝም። እኔም ተሻምቼ ሦስት ዳቦ ገዛሁ። ከዚያ ዳግመኛ እንዳንጠባበቅ ሁለቱን ሽማግሌዎች አምጥቼ እኔው ቤት እንዲያድሩ አደረግኩ። የአቶ ወንድሙ ቤት ከእኛ ሠላሳ ደቂቃ በእግር ነው፤ በመኪና አምስት። ከዚህ በላይ ምን ጥንቃቄ አለ?

ከእራት በፊት፣ ምናልባት ካስፈለገ ብዬ ጋራዥ ገባሁና ቺንጋውን በጣቴ ተጫንኩት። ላልቷል። አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አንስቼ ሩብ ዙር አጠበቅኩት። ሩብ ብቻ! ልክ የአውራ ጣቴን ስፋት ያህል ረገበ። ኮርቼ ወጣሁ፣ ለእንግዶቹም አወራሁ። ከዚያ በኋላ ጋሼ በላቸው «ትንሽ ነፋስ ልቀበል» ብለው ወደ ጋራዥ ሄዱ። ነፋስ ለመቀበል ጋራዥ መግባት ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኩም። አቶ ግርማም ስልክ ለማነጋገር ገቡ። ሰብለ ልብስ ልታነሳ፣ ናሆም ቻርጀሩን ሊፈልግ ገቡ። ቤታችን ውስጥ እንደዚያ ምሽት ጋራዥ የተወደደበት ጊዜ የለም።

ጠዋት ስንነቃ መንገዱ ነጭ ሆኗል። ከሥሩ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያበራ ግግር አለ። መኪናዬን አስነስቼ ከደጃችን ቁልቁል ልወጣ ስል ዞራ የራሴን የፖስታ ሳጥን ገጭታ ቆመች።

«ደውሉላቸዋ!» አለች ሰብለ። «በረዶ እኮ ነው፣ ማን ይፈርድባችኋል?»

«በስልክ ልጅ ይለመናል?» አሉ አቶ ግርማ።

ናሆም ስልኩን እያየ መጣ። ፊቱ እንደ በረዶው ነጥቷል። «አጎቴ፣ ሜሮን ቴክስት አድርጋልኛለች። እሷ ሥራ ላይ ናት፤ ማሚዋ ግን ነግራታለች። አባቷ ሱፍ ለብሶ መስኮት ጋ ቁጭ ብሏል። ‹በረዶ አውቶቡስ አያስቀርም› እያለ ነው። ላይክ፣ ሲሪየስሊ!»

ሁላችንም ወደ ጋራዡ በር አየን።

ችግሩ ስኖውሞቢሉ ሁለት ሰው ብቻ መያዙ ነው። አንድ ሽማግሌ አጉድለን ብንሄድ ለሰበብ ፈላጊ ሰበብ መስጠት ይሆናል። ሰብለ ልጃችን በሕፃንነቷ የምትንቦጫረቅባትን የፕላስቲክ ገንዳ አወጣች፤ ዙሪያዋን ዳክዬ ተስሎባታል። በገመድ ከኋላ አሰርናት። ጋሼ በላቸው ሱፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንዴ ዳክዬዎቹን አንዴ እኔን አይተው፣ «ለልጁ ስል ነው» ብለው ገቡባት። አቶ ግርማን ስኖውሞቢሉ ላይ ከኋላ አስቀመጥኳቸው። እኔ ጎን ቆሜ የማስነሻውን ገመድ መጎተት ጀመርኩ። ስንት ጊዜ እንደጎተትኩ አልነግራችሁም። በመጨረሻ ግን ተነሳ።

ተነሳና ሄደ።

እኔ ገና መሬት ላይ ነኝ፣ ነዳጅ የሰጠው የለም። በሚኒሞ ብቻ፣ እንደ ሰው እርምጃ ቀስ እያለ፣ አቶ ግርማን ጭኖ ጋሼ በላቸውን እየጎተተ ከደጃችን ወጣ። አቶ ግርማ ሥርዓቱ እንዲህ ነው ብለው ነው መሰለኝ፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጋሼ በላቸው ግን ከገንዳቸው ሆነው፣ «አንተ! ሹፌሩ እኮ ቀርቷል!» ይላሉ። ሮጥኩ። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፣ በሦስተኛው ከፊት ዘልዬ ተፈናጠጥኩ። ናሆም ጋሼ በላቸው ከገንዳዋ ቢወድቁ ላንሳቸው ብሎ ከኋላ በእግሩ ይከተለን ጀመር። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር እንደማይሄድ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

ነዳጅ ስሰጠው ፈጠነ። መንገዱ ላይ አንድም መኪና የለም። ልጆች በየደጁ በረዶ ሲያድቦለቡሉ ቆይተው እኛን ሲያዩ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ አቶ ግርማም ባርኔጣቸውን እያነሱ ይመልሳሉ። እውነት ለመናገር፣ ያን ጊዜ በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። አቶ ወንድሙ ሰፈር ስንደርስ ሰዓቴን አየሁ። ለሦስት ሰዓት ስድስት ደቂቃ ጉዳይ!

አሁን ምን እናድርግ? ዘግይቶ የደረሰ ሐበሻ የሚለው አያጣም። መንገዱ ተዘጋ፣ ጎማ ተነፈሰ፣ ሳንወጣ እንግዳ መጣብን ይላል። ቀድሞ ለደረሰ ሰው ግን አባቶቻችን ያስቀመጡልን ቃል የለም። አቶ ግርማን ዞሬ አማከርኳቸው።

«ሳይደርስ መግባት መስገብገብ ነው» አሉኝ ከኋላዬ። «ልጃቸውን ልንነጥቅ የመጣን እንመስላለን። ሰዓቱ እስኪሞላ ዙር።»

የአቶ ወንድሙ ቤት ያለው መንገዱ ክብ ሆኖ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ስለሆነ ለመዞር ይመቻል። ዞርኩ። በመስኮቱ ፊት ስናልፍ አቶ ወንድሙ በሱፋቸው ተቀምጠው አየናቸው። አቶ ግርማ ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሱ። አቶ ወንድሙም ከመቀመጫቸው ተነስተው እጅ ነሱ። በሁለተኛው ዙር እንደገና ተነሱ፣ በሦስተኛውም። በአራተኛው መነሳቱ ስለሰለቻቸው ይመስላል፣ እንደቆሙ ቀሩ። ጋሼ በላቸውም እያንዳንዱ ዙር ላይ ከገንዳቸው ሆነው «ጤና ይስጥልን» ይላሉ። መስኮቱ ዝግ ስለነበር የሚሰማቸው የለም።

ልክ ሦስት ሰዓት ሲሞላ ደጃቸው ላይ ፍሬን ያዝኩ። ቆመ። ግን ሞተሩ አልተቀበለውም። ከውስጥ ይገፋል፣ ይንቀጠቀጣል። ፍሬኑን ትንሽ ለቀቅ ሳደርገው ወደፊት ይዘልላል፣ ስይዘው ያጉረመርማል። «ይውረዱ፣ አቶ ግርማ!» አልኩ። አቶ ግርማ መውረድ ጀመሩ። የታከመ ጉልበት ያለው ሰው ከእንዲህ ያለ ነገር ላይ ሲወርድ መጀመሪያ ይጸልያል፣ ቀጥሎ አንድ እግሩን ያነሳል፣ ከዚያ ጋቢው ምን እንደያዘው ይመረምራል። የጎማ ሽታ መጣ። ከሽፋኑ ሥር ጭስ ወጣ።

ናሆም ከሩቅ እየሮጠ፣ «አጎቴ፣ ቁልፉን! ተርን ኦፍ አድርገው!» ይላል።

እመኑኝ፣ ሞተር የሚጠፋበት ቁልፍ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ጨርሶ ጠፋኝ። ጭራሽ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጨመቅኩት። አቶ ግርማ ሁለተኛ እግራቸው መሬት እንደነካ ውስጡ «ጧ!» አለ፤ ቺንጋው ተበጠሰ። ሞተሩ ሸክሙ ሲቀልለት ሰፈሩን በጩኸት አደበላለቀው። አቶ ወንድሙ በነጠላ ጫማ በረዶውን ረግጠው መጡና ቁልፉን አጠፉት። ሰፈሩ ጸጥ አለ። የእጅ ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

«ሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ» አሉ።

«ኧረ እኛስ ቀድመን ነበር!» አሉ አቶ ግርማ። «ተጉላልተው እንዳይቀበሉን ብለን ነው የዞርነው።»

«አይቻችኋለሁ፣ አምስት ጊዜ አልፋችሁኛል። ግን ፌርማታ ላይ ያልቆመ አውቶቡስ ደርሷል አይባልም።»

ናሆም ይህን ሲሰማ ባለበት ቆመ። እያለከለከ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ፣ እናቱ የት እንደሄደች ሲጠይቀኝ ያየሁት ዓይን ነው። በአንድ ጭስ በሚተፋ ማሽን የልጄን ትዳር አፈረስኩ ብዬ አሰብኩ።

አቶ ወንድሙ ግን ሽፋኑን ከፍተው ጎንበስ ብለዋል። የተበጠሰውን ቺንጋ በሁለት ጣት አነሱና ብሎኗን መረመሩ። «ይህን ብሎን እንዲህ አድርጎ ያጠበቀ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ግን ሩብ ዙር ብቻ ነው። ልጄ ይሙት፣ ከሩብ አላለፍኩም።»

«ይህ ሩብ አይደለም። ከአንድ ሙሉ ዙር ያልፋል።»

ጋሼ በላቸው ከገንዳዋ ለመነሳት እየታገሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም ትናንት ማታ ሩብ ጨምሬበታለሁ። ላላ ብሎ ታየኝ። ባለቤቱን ‹አላጠበቅከውም› ብዬ ማሳፈር ከበደኝ፣ ዝም አልኩ።»

አቶ ግርማ መሬት መሬት እያዩ፣ «እኔ ስለ ሞተር የማውቀው የለም» አሉ። «ነገር ግን ጠንከር ቢል አይከፋም ብዬ... ሩብ።»

ናሆም ስልኩን ወደ እኛ ዘረጋ። ለካ ሰብለ ከመነሻችን ጀምሮ መስመር ላይ ነበረች። ድምጿ ከስልኩ ወጣ፦ «እኔማ ልብስ ሳነሳ ነካ አደረግኩት። አንተ እኮ ነገር አጥብቀህ አታውቅም። እንዳይከፋህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ!»

«እኔም» አለ ናሆም። «ኦንላይን ቪዲዮ አይቼ ቼክ ሳደርገው ሉዝ መሰለኝ። ትንሽ ታይት አደረግኩት።»

አምስት ሰው፣ አምስት ሩብ! አቶ ወንድሙ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ናሆምን አዩት። «ለምን አልነገርከውም?»

«እንዳያፍር ብዬ ነው፣ ጋሼ። ማታ በጣም ደስ ብሎት ነበር።»

አቶ ወንድሙ ቺንጋውን ሽፋኑ ላይ አስቀመጡት። «ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ አሰማርቻለሁ» አሉ። «አውቶቡስ በተበላሸ ቁጥር ሹፌሩ መካኒኩን ይከሳል፣ መካኒኩ ሹፌሩን ይከሳል፣ ሁለቱም ዕቃ ግዢውን ይከሳሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ‹ያበላሸሁት እኔ ነኝ› ያለ አንድ ሰው አላጋጠመኝም። ዛሬ ደጄ ላይ በአንዲት ብሎን አምስት ሰው አመነ።» እንደገና የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ጆሯቸው ላይ አስጠግተውም አዳመጡት። «ይቺ ሰዓቴ ሁለት ደቂቃ ሳትቀድም አትቀርም። ግቡ።»

ገባን። እንደ ደንቡ ሦስታችንም ቆምን፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተሰማለት አይቀመጥማ። የጋሼ በላቸው ሱሪ ከገንዳዋ በገባው በረዶ ርሶ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። አቶ ግርማ የመምህር ድምፃቸውን አውጥተው የእናቱን ዘር ቆጠሩ፣ ልጅ አመሰገኑ፣ «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ጨረሱ። አቶ ወንድሙ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «የልጁ አባት ማን ነው ልበል? ዘመድ ይጠይቀኛል።»

አቶ ግርማ የሟቹን የናሆምን አባት ስም ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ። እዚያ ክፍል ውስጥ መገኘት የማይገባው ናሆም ግን በሩ ላይ በረዶ እያራገፈ ቆሞ ነበር። ጣቱን ወደ እኔ ዘረጋ። «እሱ ነው» አለ።

ሃያ ዓመት «አጎቴ» ነበር የሚለኝ። አቶ ወንድሙ እኔን አዩና፣ «እንግዲያው ተቀመጡ» አሉ። ያች ቃል ልጃቸውን መስጠታቸው ነበረች። ሌሎቹ ተቀመጡ፣ እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሰብለ ከስልኩ፣ «ምን ሆነ? ለምን ዝም አላችሁ?» ትላለች። እኔም ዓይኔን እየጠረግኩ፣ የጎማው ጭስ ነው አልኩ። ጭሱ ውጭ ከቀረ ቆይቷል፤ ከመካከላቸው ግን ማንም አልነገረኝም።